በአንጾኪያ የቀረ ገበታ

ጳውሎስ በአንጾኪያ ጴጥሮስን ፊት ለፊት የተቃወመው በስብከቱ አልነበረም፤ በማዕዱ ነው። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ራሱን ለየ፤ በርናባስ እንኳ ተከተለው። ገላትያ ምዕራፍ 2ን ስናነብ ጳውሎስ ነገሩን የገበታ ሥርዓት ብሎ አላለፈውም፤ የወንጌልን እውነት የሚነካ ሆኖ አገኘው።

ይህን ታሪክ ሁሩሙ ተቀምጦ ለሚያነብ ወጣት አንጾኪያ ሩቅ አይደለችም። በኢሉባቦርና በወለጋ ዋታ የሚባሉት አዳኞች፣ በከፋና በሸካ ደግሞ ማንጆዎች፣ ለብዙ ዘመን ከሌላው ሕዝብ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርቡም ነበር። ምክንያቱ ርኩስ የተባለ ሥጋ መብላታቸው ነው ይባላል፦ ጉማሬ፣ ጉሬዛ፣ ከርከሮ። እኔ ግን ሥጋው ሰበብ ይመስለኛል። ያንን መብላት የተዉ ማንጆዎችም ቢሆኑ መጠጫቸው ይለይባቸው፣ በልቅሶ ቤትም ለብቻ ይቀመጡ ነበርና።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሆነው ነው። በከፋ ማንጆዎች ወደ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲመጡ፣ አጠገባቸው መቀመጥ ያቃታቸው ምእመናን ነበሩ። አብሮ መዘመሩ እንኳ ከበደ፤ አብሮ መብላቱማ ይቅር።

በቆሮንቶስም ቢሆን ጠቡ የተነሣው በጌታ እራት ላይ ነው፤ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይራብ ነበር። ጳውሎስ እንዲህ ያለው መብል የጌታ እራት አይደለም አላቸው። ጽዋውማ በእጃቸው ነበር።

ጴጥሮስ ከዚያ በኋላ ወደ አንጾኪያው ገበታ ተመልሶ እንደ ሆነ ደብዳቤው አይነግረንም።