ዛጎል የምትይዘው ሒሳብ

ልጆች ሳለን ከዓባይ ማዶ ወርደን፣ ጣና ዓባይን በሚሸኝበት ዳር ከጭቃው የምንለቅማት ጥቁር ዛጎል ነበረች፤ ስትከፈት ውስጧ እንደ ዕንቁ ያበራል። ከዚህ ወገን የሆነችውን አንዷን የሳይንሱ ሰዎች በሀገራችን ስም «ኡኒዮ አቢሲኒከስ» ብለው እንደሚጠሯት ያወቅሁት ጎልምሼ ነው።

ዛጎል ከሥፍራዋ እምብዛም አትርቅም። ክዳኗን ገርበብ አድርጋ ውሃ ትስባለች፤ ምግቧን አጣርታ ውሃውን ትመልሳለች። ከውሃው ጋር የገባው እርሳስ፣ ካድሚየም ወይም ባዜቃ ግን አብሮ አይመለስም፤ በሥጋዋ ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። እኔ የባንክ ሰው ነኝና ነገሩን እንዲህ እረዳዋለሁ፦ በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የሚናገረው የተቀዳባትን ደቂቃ ብቻ ነው፤ ዛጎሏ ግን የወራት ገቢ የተመዘገበባት ደብተር ናት። ሌሊት የተለቀቀውን ጠዋት የመጣ ጠርሙስ ላያገኘው ይችላል፤ እርሷ ዘንድ ግን ተጽፏል።

አሜሪካዊው የባሕር ኬሚስት ኤድዋርድ ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ዛጎሎችን በየጠረፉ እየሰበሰቡ በመመርመር ባሕርን የመጠበቅ ሐሳብ አቀረበ። በ1990ዎቹ ሐሳቡ ወደ እስያ ሞቃታማ ጠረፎች ተሻገረ። ዓለም ከዚያ በፊት በጃፓኗ ሚናማታ የተማረው ግን መራራ ነበር። ከ1932 እስከ 1968 ከፋብሪካ ወደ ባሕር የተለቀቀው ባዜቃ በዓሣና በዛጎል ሥጋ አልፎ ከሰው ማዕድ ደረሰ። በሽታው በ1956 በይፋ ሲታወቅ፣ መንግሥት ምክንያቱን ያመነው ከ12 ዓመታት በኋላ ነው። እነዚያ 12 ዓመታት እንቅልፍ ይነሱኛል።

የእኛ ታሪክ የሚጀምረው በ1953 ዓ.ም. ገደማ ነው። ኢጣሊያ ስለ ወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዓባይ ራስ አጠገብ ተተከለ። ይህን የማነሣው ለመክሰስ አይደለም፤ የብዙ ቤት እንጀራ የወጣው ከዚያ ነው። ኋላ የቆዳ ፋብሪካ መጣ። ቆዳ ለማልፋት ክሮሚየም ያስፈልጋል፤ ክሮሚየም ደግሞ ከፍሳሹ ተለይቶ ጭቃው ላይ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የቆዳ ፋብሪካውን ፍሳሽ ከመመርመር አልፎ ወንዙ ውስጥ የሚኖሩትን ትንንሽ ነፍሳት ቆጠረ፤ ፍሳሹ ከሚገባበት በታች ዓይነታቸው ተመናምኖ ተገኘ። ይህም ያው የዛጎሏ ዘዴ ነው፤ ምስክሩ ውሃው ሳይሆን በውሃው የሚኖረው ፍጡር ነው።

እምቦጭ በዓይን ስለሚታይ ሀገር ተነሥቶ ዘመተበት። ክሮሚየም አይታይም።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ ድልድይ ላይ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ ቆም እላለሁ። ከታች ልብስ ይታጠባል፣ ልጆች ይንቦጫረቃሉ። ከልጅነቴ ዛጎሎች አንዷ ዛሬም ከመጻሕፍቴ መካከል አለች። ሥጋዋ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል፤ በውስጡ ተመዝግቦ የነበረውን ያነበበ የለም።