ቤት በፊደል ሲመዘን

ቤት የሚገዛ ሰው ብዙ ነገር ይመረምራል። ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፤ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ቀና ብሎ ያያል፤ የውሃ ቧንቧውን ይከፍታል፤ ስለ ጎረቤቱም ይጠይቃል። ቤቱ በብርድ ወራት ምን ያህል ነዳጅ እንደሚበላ ግን በዓይን አይቶ ሊያውቅ አይችልም። ብርድ በሚጠናባቸው የአውሮፓ አገሮች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ገዢው የቤቱን ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ የማሞቂያውን ዋጋ ግን በዚያ ቤት እስከኖረ ድረስ ሲከፍል ይኖራል። ይህን የተሰወረ ዕዳ ከሽያጩ በፊት ለገዢው የሚገልጸው የምስክር ወረቀት እንዴት ተፈጠረ? ምንስ ጠቀመ? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይመረምራል። (ዓ.ም. ከተባለበት በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የታሪኩ መነሻ በ1973 መጸው የተቀሰቀሰው የዓረቦችና የእስራኤል ጦርነት ነው። ነዳጅ ዘይት አምራች የሆኑት የዓረብ አገሮች ለገበያ የሚያቀርቡትን መጠን በመቀነሳቸው፣ በበርሜል 3 ዶላር ገደማ የነበረው ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። የዚህ ጦስ ለአገራችንም ተርፏል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች የቤንዚን ዋጋ መናርን ተቃውመው ሥራ ማቆማቸውና አድማው ለአብዮቱ ፍንዳታ ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ መሆኑ የሚታወስ ነው። በሰሜን አውሮፓ ግን የዋጋው ንረት የመታው መኪናን ብቻ ሳይሆን የየቤቱን ማሞቂያ ጭምር ነበር።

ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ዴንማርክ ነበረች። በዚያን ጊዜ ከምትጠቀምበት ኃይል ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚሆነው የሚገኘው ከውጭ ከሚመጣ ነዳጅ ዘይት ነበር። ስለሆነም መንግሥት በ1973 መጨረሻ በእሑድ ቀን መኪና መንዳትን ከለከለ። ይሁን እንጂ እሑድን በእግር በመሄድ ብቻ ችግሩ እንደማይወገድ ብዙም ሳይቆይ ግልጽ ሆነ። ብዙ ነዳጅ የሚነደው በቤት ማሞቂያ ውስጥ ነበርና የአዳዲስ ቤቶች የግንባታ ደንብ እንዲጠብቅ ተደረገ።

አሮጌዎቹ ቤቶችስ? አሮጌ ቤት ማንም ሳይነካው ለብዙ ዘመን ሊቆም ይችላል። ባለቤት በሚለውጥበት ጊዜ ግን ቤቱ ይመረመራል፣ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፣ እድሳትም ይታሰባል። ዴንማርኮች ይህን አጋጣሚ ለመጠቀም አሰቡ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቤት ሙቀት ምርመራ ሥርዓት ዘረጉ፤ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ መኖሪያ ቤት ሲሸጥ የኃይል አጠቃቀም ደረጃውን የሚያሳይ ሰነድ እንዲቀርብ በሕግ አስገደዱ።

የአውሮፓ ማኅበረሰብም በ1993 አባል አገሮች የሕንፃ ምስክር ወረቀት ፕሮግራም እንዲያወጡ አዝዞ ነበር። ትእዛዙ ግን ዝርዝሩን ለየአገሩ የተወ በመሆኑ ውጤቱ አነስተኛ ሆነ። በታኅሣሥ 2002 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ቤት ሲሠራ፣ ሲሸጥና ሲከራይ ሰነዱ እንዲቀርብ፣ ዕድሜውም ከ10 ዓመት እንዳይበልጥ ደነገገ። በ2010 የወጣው ደግሞ ደረጃው በማስታወቂያ ላይ ሳይቀር እንዲገለጽ አዘዘ።

በእንግሊዝና በዌልስ ሥርዓቱ በነሐሴ 2007 በትልልቅ ቤቶች ተጀምሮ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሽያጭ የሚቀርቡ መኖሪያ ቤቶችን በሙሉ አዳረሰ። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የሠለጠነ መርማሪ ቤቱን እየዞረ ስፋቱን ይለካል፤ የግድግዳውን ዓይነት፣ የጣሪያውን ሙቀት መከላከያ ውፍረት፣ የመስኮቱን መስተዋትና የማሞቂያውን ዓይነት ይመዘግባል። ከዚያም በስሌት ቤቱ ነጥብ ይሰጠዋል። 92ና ከዚያ በላይ ያገኘ «ኤ» ይባላል፤ ከ55 እስከ 68 ያገኘ «ዲ» ይሆናል፤ ከ20 ያልበለጠው ደግሞ የመጨረሻውን «ጂ» ያገኛል። ሰነዱ ነጥቡን ብቻ ሳይሆን ቤቱ ምን ቢሻሻልለት ወደ የትኛው ደረጃ ከፍ እንደሚልም ይገልጻል።

እንግዲህ ማርክ መስጠት ልማዳችን የሆነ እኛ መምህራን አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባናል። ፊደሉ የሚመዝነው ሕንፃውን እንጂ ነዋሪውን አይደለም። ስሌቱ የተለመደ አኗኗር ያለው ቤተሰብ እንደሚኖርበት አድርጎ ይገምታል። በ2012 የታተመ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ የጀርመን ቤቶች ነዋሪዎች በአማካይ ከተሰላው ከመቶ 30 እጅ ያህል ያነሰ ኃይል ይጠቀሙ ነበር፤ ልዩነቱም ደረጃቸው ዝቅ ባሉት ቤቶች ይሰፋል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። በብርዳም ቤት የሚኖር ሰው አንዱን ክፍል ብቻ አሙቆ፣ ሹራብ ደርቦ ይከርማል። ወረቀቱ «አባካኝ» የሚለው ቤት ውስጥ የሚገኘው ምናልባት ቆጣቢና ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ። ቤት ለገዛ ሰው ሰነዱ የመደራደሪያ መሣሪያ ነው። በ2013 የብሪታንያ መንግሥት ያሳተመው በእንግሊዝ የተካሄደ ጥናት፣ በሌላው ነገር ተመሳሳይ ከሆኑ ቤቶች መካከል «ኤ» ወይም «ቢ» ያገኙት ከ«ጂ» በአማካይ ከመቶ 14 እጅ ያህል በሚበልጥ ዋጋ መሸጣቸውን አመልክቷል። ተከራይ ግን ምን ያደርጋል? የማሞቂያውን ሂሳብ የሚከፍለው እርሱ ነው፤ ጣሪያውን ማሳደስ የሚችለው ባለቤቱ ነው። ማወቅ ብቻውን አላሞቀውም። በዚህም የተነሳ በእንግሊዝና በዌልስ ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ከ«ኢ» በታች የሆነ ቤት፣ በሕግ ከተፈቀደው በቀር፣ ለአዲስ ተከራይ እንዳይከራይ ተከለከለ። ከሁለት ዓመት በኋላም ክልከላው ነባር ተከራዮችን እንዲያካትት ተደረገ። መረጃ ብቻ የነበረው ፊደል ግዴታ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት የተሰወረን ነገር ለክቶ መግለጽ ትልቅ እርምጃ መሆኑን ነው። ይሁን እንጂ የተገለጠውን ለማረም አቅምና ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ካልተጠየቀ፣ የተለካው ነገር በወረቀት ላይ ይቀራል። ተማሪዎች በክፍል ውስጥ እንዲወያዩበት አንድ ጥያቄ እናቅርብ። ብርዱን የሚያርመው ባለቤቱ፣ የሚችለው ግን ተከራዩ በሆነበት ቤት፣ ወጪውን መሸከም ያለበት ማን ነው?