«ጆሮው ደህና ነው» ከተባለ በኋላ



በቁርኣን ቤትም በትምህርት ቤትም የምናውቀው አንድ ዓይነት ልጅ አለ። ለብቻው ሲያስቀሩት ጎበዝ ነው። ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲቀራ ግን የኡስታዙ ቃል ይጠፋበታል። ሦስት ነገር ሲታዘዝ አንዱን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ሐኪም ቤት ሲወሰድ «ጆሮው ደህና ነው» ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ስም «ሰነፍ» ወይም «አይሰማም» የሚል ነው። ይህ ፍርድ ስህተት ሊሆን እንደሚችል ከታወቀ ግን 70 ዓመት አልፎታል።

በዚያ ዘመን የመስማት ምርመራ ማለት በማዳመጫ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ እያሰሙ «ሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤቶሬ ቦካ የተባለ ጣሊያናዊ የጆሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ፣ በጆሮ ግንድ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል እጢ የወጣባቸውን ሕሙማን መረመሩ። ሕሙማኑ በተለመደው ምርመራ ችግር አልታየባቸውም። ቦካ ግን ንግግሩን ሆን ብሎ አፈነው፤ ቀጫጭኑን ድምፅ አጣርቶ አስቀረ። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለውን ንግግር የጎደለውን እየሞላ ይረዳዋል። ሕሙማኑ ግን ከእጢው በተቃራኒ ባለው ጆሯቸው ሲሰሙ ቃላቱን መለየት ከበዳቸው። ከአንድ ጆሮ የሚነሣው መልእክት በአብዛኛው ወደ ተቃራኒው የአንጎል ጎን ይሻገራልና።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሄልመር ማይክልበስት ስለ ልጆች የመስማት ችግር መጽሐፍ አሳተመ። ለድምፅ መልስ የማይሰጥ ልጅ ሁሉ ደንቆሮ አይደለም አለ። ችግሩ ከጆሮ፣ ከአንጎል የቋንቋ ሥራ፣ ከስሜት ወይስ ከአእምሮ እድገት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1961 ዶሪን ኪሙራ በካናዳ፣ ሞንትሪያል፣ ለሁለቱ ጆሮዎች በአንድ ጊዜ የተለያዩ ቁጥሮችን እያሰማች አንጎል እንዴት እንደሚለያቸው አጠናች። በማግስቱ ዓመት ጃክ ካትዝ ቃላት እርስ በርስ የሚደራረቡበት መመርመሪያ አወጣ። ለአዋቂ ሕሙማን የተሠራው ዘዴ ቀስ በቀስ ለልጆችም ዋለ። ችግሩም ኦዲተሪ ፕሮሰሲንግ ዲስኦርደር ተባለ፤ ጆሮ የሰማውን አንጎል አጥርቶ አለመለየቱ ማለት ነው።

ክርክሩ ግን አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዴቪድ ሙርና ባልደረቦቹ በብሪታንያ 1,469 ልጆችን መርምረው ያወጡት ጥናት፣ የብዙዎቹ የማዳመጥ ችግር ይበልጥ የሚያያዘው ከትኩረት ጋር ነው አለ። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ በአንድ ፈተና ብቻ አይወስንም። አስቀድሞ ኩክ፣ መግልና የጆሮ ድክመት አለመኖሩን ያረጋግጣል፤ ቀጥሎ ቋንቋን፣ ትኩረትንና ትውስታን ያያል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመስማት መንገዱ ገና እያደገ ስለሆነ ውጤቱ አያስተማምንም። ፈተናው በቃላት የሚሰጥ ነውና ልጁ አፉን ባልፈታበት ቋንቋ ከተፈተነ፣ የቋንቋው እንግዳነት የአንጎል ችግር መስሎ ሊታይ ይችላል።

ነገሩ የልጆች ብቻ አይደለም። ጭንቅላቱን የተመታ፣ በስትሮክ የታመመ፣ በፍንዳታ አቅራቢያ የነበረ ወይም በእድሜ የገፋ ሰውም «ድምፁ ይሰማኛል፣ ጫጫታ ውስጥ ግን ቃሉ አይገባኝም» ሊል ይችላል። አባታችን ሰርግ ቤት ዝም ብለው ሲቀመጡ ተኮራርፈው ላይሆን ይችላል።

ምርመራው ባይገኝ እንኳ ማድረግ የምንችለው አለ። ልጁን ከፊት ማስቀመጥ፣ ፊት ለፊት እያዩ መናገር፣ ትእዛዝን አንድ በአንድ መስጠት፣ ጫጫታን መቀነስ፣ «ምን አልኩህ?» ብሎ በለሆሳስ ማስደገም። ችግሩ የትኩረትም ይሁን የመስማት፣ ይህ ይጠቅመዋል። አለንጋው ግን ለየትኛውም መድኃኒት አይሆነውም።