ከጉልቻ እስከ ኤሌክትሪክ ምጣድ፦ የማድ ቤት ሥራ የማን ነበር?

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ተረት። ጉልቻው በተቀየረ ቁጥር ግን ማድ ቤቱን የሚሠራው ሰውም ይቀየራል። ዛሬ ብዙዎቻችን ማድ ቤታችንን ስናድስ «ራሴ ልሥራው ወይስ ባለሙያ ልጥራ?» እንላለን። ጥያቄው አዲስ ቢመስልም የአያቶቻችንም ጥያቄ ነበር።

በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ገጠር ቤት ሲሠራ ወንዶች በደቦ ተጠራርተው ግድግዳውን ያቆማሉ፣ ጣራውን ይከድናሉ። በምርጉ፣ በመደቡ፣ በምድጃውና በጎታው ላይ ደግሞ የሴቶች እጅ ነበረበት። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጭቃና እበት አቡክታ የምትለስነው የቤቱ እመቤት ናት። ጥፋት ቢኖር በዓይን ይታያል፣ በማግስቱም ይታረማል።

ምጣዱ ግን ከሸክላ ሠሪ ይገዛ ነበር። አፈሩን መለየት፣ ማድረቅና መተኮስ ሙያ ይጠይቃልና። ሸክላ ሠሪዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ በጎንደር ዙሪያ የቤተ እስራኤል ሴቶች በዚህ ሥራ ይታወቁ ነበር። ስለዚህ የማድ ቤታችን የመጀመሪያዋ ባለሙያ ሴት ናት ማለት ይቻላል። የሚያሳዝነው፣ ኅብረተሰቡ በእሷ ምጣድ የተጋገረውን እየበላ እሷን «ቡዳ» እያለ ማግለሉ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛ እንዳይሰደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ ቶሎ አልጠፋም።

በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። መብራቱ እየተስፋፋ ሲሄድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ ከተማ ቤቶች ገባ። ይህ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ነው። ቀጭን ሽቦ ይህን ሁሉ ሲሸከም ግድግዳው ውስጥ ሆኖ ይግላል። እንደ ጭቃው ስንጥቅ ጥፋቱ አይታይም፤ የሚታወቀው ሲቃጠል ነው።

በ1980ዎቹ የተስፋፋው ምርጥ ምጣድ ግን ሥራውን ወደ ሴቶች እጅ መለሰው። ከሲሚንቶና ከፑሚስ ተሠርቶ በክፍል በክፍል ስለሚመጣ ቤት ውስጥ ራሷ ትገጣጥመዋለች። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም መጣ። ብዙዎቹ ቤቶች ወለልና ቀለማቸው ሳይጠናቀቅ ስለተላለፉ ነዋሪው ራሱ ጨራሽ ሆነ። እዚህ የአንዱ ማድ ቤት የሌላው ጣራ ነው። የጋራ የሆነውን የሕንፃ ክፍል አንድ ባለቤት ብቻውን እንዳሻው ሊያፈርሰው አይችልም። የብሎኬት ግድግዳ ሲፈርስ ኮለንና ቢም ከተነካ፣ ወይም ቧንቧ በደንብ ካልታሰረ፣ ጉዳቱ ለጎረቤት ይተርፋል።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው መለኪያ ቀላል ነው። ጥፋቱ የሚታይና በትንሽ ወጪ የሚታረም ከሆነ፣ ለምሳሌ ቀለም መቀባት፣ መደርደሪያ መስቀል፣ ምርጥ ምጣድ መገጣጠም፣ በእጃችን እንሥራው። ጥፋቱ በግድግዳ ውስጥ የሚደበቅ ወይም ሰውን የሚጎዳ ከሆነ፣ ማለትም የምጣድ መስመር፣ ብሬከር፣ የመሬት ሽቦ፣ ቧንቧና ግድግዳ ማፍረስ፣ ለባለሙያ እንተወው።

ሒሳቡም ይህንኑ ይላል። የባለሙያውን ዋጋ «ራሴ ብሠራው ነፃ ነው» ከሚል ዜሮ ጋር አናወዳድረው። የሚባክነው ዕቃ፣ ድጋሚ ማፍረሱና ማድ ቤቱ የሚዘጋበት ቀን ሁሉ ይደመር። እንጀራ ጋግራ ለምትሸጥ እህታችን ሦስት ቀን የተዘጋ ማድ ቤት የሦስት ቀን ገቢ ነው። ባለሙያ ስንቀጥርም ሥራውን በጽሑፍ እንዋዋል፤ ቀብድ ከፍለን ቀሪውን ሥራው በደረሰበት ልክ እንክፈል፤ የመጨረሻው ክፍያ ምጣዱ ተሰክቶ ከተሞከረ በኋላ ይሁን።

ማኅበራችን ወደፊት የሥልጠና ዕቅድ ሲያወጣ የመብራትና የቧንቧ ሙያ ቢታሰብበት መልካም ነው። ምጣዱን የሠራችው ሴት ከነበረች፣ መስመሩን የምትዘረጋውም ከመካከላችን ልትወጣ ትችላለች፤ ስትወጣ ግን እንደ ሸክላ ሠሪዋ ሳይሆን በክብርና በተገቢው ዋጋ እንቅጠራት።