ቁንዶ በርበሬና የመድኃኒት ታሪክ



የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና፣ አዩርቬዳ፣ ቁንዶ በርበሬን፣ የጥምዝ ዘመድ የሆነውን ረጅሙን ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብልን ቀላቅሎ «ትሪካቱ» ይለዋል። ይህ ድብልቅ በብዙ መድኃኒቶች ውስጥ ይጨመር ነበር። ለምን?

እ.ኤ.አ. በ1819 የዴንማርኩ ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ከቁንዶ በርበሬ ፓይፐሪንን ለይቶ አወጣ። ይሁን እንጂ ከትሪካቱ ጋር የሚያያይዘው ማብራሪያ እስኪቀርብ 160 ዓመት አለፈ፤ በ1979 ሕንዳዊው ተመራማሪ ሲ. ኬ. አታል ትሪካቱ የሌሎችን መድኃኒቶች ወደ ደም መግባት ያግዛል ሲል ጻፈ። በ1998 የባንጋሎር ተመራማሪዎች 2 ግራም የእርድ ኩርኩሚንን ከ20 ሚሊ ግራም ፓይፐሪን ጋር ለሰዎች ሲሰጡ፣ ወደ ደም የሚደርሰው ኩርኩሚን በ2,000 በመቶ ጨመረ።

ፓይፐሪን ይህን የሚያደርገው አንጀትና ጉበት ባዕድ ነገርን የሚያስወግዱባቸውን ኢንዛይሞች በመግታት ነው። እንግዲህ ጥንታውያኑ ውጤቱን አስተውለው ሊሆን ይችላል፤ ስለ ኢንዛይም ግን አያውቁም ነበር። መጠቀምንና ምክንያቱን ማወቅን መለየት የታሪክ ተመራማሪ ግዴታ ነው።

ልዩነቱ ለዛሬው ሕይወታችንም ይጠቅማል። ለእርድ የተከፈተው በር እንደ ፕሮፕራኖሎልና ቴኦፊሊን ላሉ መድኃኒቶችም ይከፈታል፤ በደም ውስጥ መጠናቸው ከታሰበው በላይ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የፓይፐሪን እንክብል የሚወስድ ታካሚ ለሐኪሙ ይንገር። የዕድሜ ጥንታዊነት ብቻውን የደኅንነት ማስረጃ አይደለም።