ጌሾና ሆፕስ፦ መራራው ቅጠል በማን እጅ ነበር?

ለጉብኝት የሚመጡ ለጋሾቻችን ከግቢያችን ጥግ ያለውን ቁጥቋጦ ሲያዩ «የኢትዮጵያ ሆፕስ ይህ ነው?» ይሉናል። መዝገበ ቃላቱም ሆፕስን «ጌሾ» ብሎ ሲፈታው እናያለን። ሥራቸው ይመሳሰላል፤ ሁለቱም መጠጥ ያመርራሉ። ዘራቸው ግን አንድ አይደለም።

ሆፕስ በየዓመቱ ከሥሩ አቆጥቁጦ በገመድ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው። በብርድ ወራት ያርፋል፤ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ረጅም የቀን ብርሃን ይሻል። በብዛት ከሚመረትባቸው ቦታዎች አንዱ በሆነው በደቡብ ጀርመን፣ በሃለርታው፣ በሰኔ ወር ቀኑ 16 ሰዓት ያህል ይረዝማል። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። ስለዚህ እዚህ ቢተከል ሐረጉ ሳይረዝም ለማበብ ይቸኩላል፤ ምርቱም ጥቂት ይሆናል። ሞቃትና እርጥብ በሆነ ቆላ ደግሞ ሻጋታው ይበረታበታል። ጌሾ ግን የአገራችን አየር ልጅ ነው፤ በወይና ደጋው ከአጥር ሥር ይበቅላል፣ አንዴ ከያዘም ለዓመታት ቅጠሉ ይለቀማል።

የሆፕስን ታሪክ ያነሳነው ግን ለእርሻው ብለን አይደለም። ለእኛ ለሴቶች የሚነግረን ነገር ስላለው ነው።

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረችው ጀርመናዊት መነኩሲት ሂልደጋርድ የሆፕስ መራራነት መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ ጽፋ ነበር። ይህንን ከጻፉት ቀዳሚዎች አንዷ ሴት መሆኗ ያስገርማል፤ በኋላ የመጣው ሴቶችን አልጠቀመምና። በእንግሊዝ አገር እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በየመንደሩ የሚጠመቀው መጠጥ ሆፕስ አልነበረበትም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚበላሽ ባልቴቷም፣ ባለትዳሯም በቤቷ ጥቂት ጥቂት እየጠመቀች ለጎረቤት ትሸጥ ነበር። ሆፕስ የገባበት ቢራ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ቢራው ለወራት ስለሚቆይ በብዛት መጥመቅ፣ ማከማቸት፣ ሩቅ አገር መላክ ተቻለ። ለዚህ ደግሞ ትልልቅ ጋን፣ መጋዘንና ብድር ያስፈልጋል። ሴቶች ብድሩን አያገኙም፣ ከነጋዴዎቹ ማኅበርም እኩል ቦታ የላቸውም። እስከ 1600 ገደማ ሙያው በአብዛኛው ወደ ወንዶች ዞረ። ጥፋቱ የሐረጉ ነው አንልም፤ ገንዘቡ ወዳለበት ሄደ እንጂ። (ለመጠጥ የሚለቀመው ፍሬ መሰል አበባ የሴቴዋ ሐረግ ብቻ መሆኑን ለአባሎቻችን ስንነግር ብዙ ተስቋል።)

በእኛ አገር መንገዱ ሌላ ነበር። ጠጅ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ሲከበር፣ ጠላ በየቤቱ በሴቶች እጅ ቆየ። በ1915 ዓ.ም. የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ሲቋቋምም ጠላን ከእኛ አልወሰደም። ቢራ ፋብሪካዎች ሆፕሳቸውን ከውጭ ያስመጣሉ። ጠላ ግን ሲሰነብት ስለሚኮመጥጥ በመኪና ተጭኖ ሩቅ አይሸጥም፤ ሠርቶ የሚሸጠው እዚያው ሰፈር ያለው ሰው ነው። ጌሾውም ከጓሮ፣ ብቅሉም ከቤት ነበር። ጋን አጥና፣ ጥንስስ ጥላ፣ ድፍድፉን አዘጋጅታ የምትጠምቅ ሴት ብድር ሳትጠይቅ ሥራ መጀመር ትችላለች። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህ ነው።

አሁን የሚያሳስበን ጓሮው ነው። ኮንዶሚኒየም የገባች እናት ጌሾን እንደ ስኳር ከገበያ ትገዛለች፤ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ከጠላዋ የሚተርፋት ይቀንሳል። መጀመሪያ በእጇ የነበረውን ነገር ሌላ ሰው ይተምንላታል ማለት ነው። ስለዚህ በመጪው ክረምት የጌሾ ችግኝ ለማከፋፈል አስበናል። ቦታ ያላት እናት ሁለት እግር ትወስዳለች፤ የሌላት ከማኅበሩ መሬት አንድ እግር በስሟ ይተከልላታል፣ ቅጠሉን የምትለቅመውም እሷው ናት።