ሕክምናን ያልጨረሰው ተማሪ

በየዓመቱ ለኢንተርኖች አንድ የሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ። ታስታውሱታላችሁ፤ ሁላችንም ከዲውቲ መጥተን እናንቀላፋበት የነበረው ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መርሆዎቹን መደርደር ትቼ የአንድ የሕክምና ተማሪ ታሪክ እነግራቸዋለሁ። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ታሪክ ነክ ጽሑፍ አምጪ» ሲሉኝ እሱኑ ይዤ መጣሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስቲቭ ቢኮ የተወለደው በ1946 በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ያደገው ኪንግ ዊሊያምስ ታውን አጠገብ በሚገኘው የጊንስበርግ የጥቁሮች መንደር። አባቱ የሞቱት እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። እናቱ በሰው ቤት እየሠሩ፣ ኋላም በከተማው ሆስፒታል ምግብ እያበሰሉ ልጆቻቸውን አሳደጉ። በ1963 ከታላቅ ወንድሙ ጋር ላቭዴል በሚባል ትምህርት ቤት ሲማር ወንድሙ በፖለቲካ ተጠርጥሮ ተያዘ፤ ስቲቭም ተወስዶ ተመረመረ። ክስ አልቀረበበትም፤ ከትምህርት ቤቱ ግን ተባረረ። 16 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ለፖለቲካ ብዙም ግድ ያልነበረው ልጅ ከዚያ በኋላ ባለሥልጣን የሚባል ነገር አላመነም።

በ1966 ደርባን፣ ናታል ዩኒቨርሲቲ ነጭ ላልሆኑ ተማሪዎች በከፈተው የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። በዓመቱ የተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ሮድስ ዩኒቨርሲቲ ላይ ሲካሄድ ነጮቹ ተወካዮች ግቢው ውስጥ እንዲያድሩ ሲደረግ ጥቁሮቹ ከግቢው ውጭ አንድ ቤተ ክርስቲያን ተላኩ። ቢኮ «እንግዲያውስ ጉባኤው ይቋረጥ» አለ፤ ሰሚ አላገኘም። ነጮቹ ጓደኞቹ እኮ ክፉዎች አልነበሩም፤ አፓርታይድን በንግግር ያወግዙ ነበር። ማታ ግን እየተኙ የነበሩት ግቢው ውስጥ ነው። ቢኮን ከእነሱ የለየው ይህ ይመስለኛል። በ1969 ጥቁር ተማሪዎች የራሳቸውን ድርጅት፣ ሳሶን፣ ሲመሠርቱ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ሆነ። በድርጅቱ ጋዜጣ ላይም በብዕር ስም፣ ጥቁር ሰው በመጀመሪያ ራሱን ከመናቅ መላቀቅ አለበት እያለ ይጽፍ ጀመር።

ስብሰባና ፋርማኮሎጂ አብረው እንደማይሄዱ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በ1972 ውጤቱ ወርዶ ከሕክምና ትምህርት ቤት ተሰናበተ።

በመጋቢት 1973 የእገዳ ትእዛዝ ደረሰው። ይህ ፍርድ ቤት የማያየው፣ በሚኒስትር ፊርማ ብቻ የሚሠራ ቅጣት ነበር፤ ከኪንግ ዊሊያምስ ታውን መውጣት፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ማነጋገር፣ ጽሑፍ ማሳተም ተከለከለ። ንግግሩን መጥቀስም ለሌላው ሰው ወንጀል ሆነ። ተዘግቶበትም አልተቀመጠም፤ በተልእኮ ሕግ መማር ጀመረ። በ1975 ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች የገጠር መንደር ዛኔምፒሎ የተባለ ጤና ጣቢያ እንዲከፈት ረዳ። ኃላፊዋ ሕክምና ትምህርት ቤት የተዋወቃት ዶክተር ማምፌላ ራምፌሌ ነበረች። ይህቺን ቦታ ስናገር ተማሪዎቼ ይነቃሉ፤ ሕክምና ያልጨረሰ ሰው፣ የጨረስነው ብዙዎቻችን ያልሠራነውን ጤና ጣቢያ አቋቋመ።

በ1976 ለተከሰሱ ጓደኞቹ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ዳኛው «ቡናማ ሆናችሁ ሳለ ለምን ጥቁር ትላላችሁ?» ዓይነት ጥያቄ ሲጠይቁት፣ ነጮችስ ሮዝ ሆነው ነጭ ይባሉ የለም ወይ በሚል መንፈስ መለሰ። በዚያው ዓመት 101 ቀን ያለ ክስ ታሰረ።

የመጨረሻው እስር ነሐሴ 18 ቀን 1977 ነው፤ በመኪና ሲመለስ ኬላ ላይ ተያዘ። ፖርት ኤልዛቤት ውስጥ 20 ቀን ራቁቱን፣ በሰንሰለት አቆዩት። መስከረም 6 ወደ ደኅንነት ፖሊስ ቢሮ ተወሰደ፤ እዚያ ጭንቅላቱ ተጎዳ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሙያ የሚገባው። በማግስቱ ጠዋት የፖሊሱ ኮሎኔል ጉስን የወረዳውን ሐኪም ዶክተር ላንግን ጠራ። ታካሚው መሬት ላይ በካቴና ታስሯል፤ ከንፈሩ ቆስሏል፤ እጅና እግሩ አብጧል፤ አነጋገሩ ተኮላትፏል። ላንግ ኮሎኔሉ የጠየቀውን ወረቀት ጻፈ፦ ምንም የጤና እክል አልተገኘበትም። ከዚያ አለቃው ዶክተር ታከር መጣ። የእግር መዳፉ ሪፍሌክስ ትክክል አልነበረም፤ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይነሣል። ይህን ምልክት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ከአከርካሪው የተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ቀይ የደም ሕዋስ ተገኘ። ታከር ሆስፒታል ይግባ አለ፤ ኮሎኔሉ እምቢ አለ፤ ታከር ዝም አለ። መስከረም 11 ራቁቱን ላንድሮቨር ኋላ ተጭኖ፣ ያለ ቻርት፣ ያለ ሐኪም፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ፕሪቶሪያ ተጓዘ፤ ከአዲስ አበባ አክሱም ግድም ማለት ነው። በማግስቱ እስር ቤት ወለል ላይ ሞተ። ዕድሜው 30 ነበር።

የሞቱን ምክንያት ያጣራው ዳኛ ተጠያቂ የለም አለ። የሐኪሞቹ ምክር ቤትም በ1980 ሐኪሞቹን የሚያስጠይቅ ነገር የለም ብሎ ዘጋው። የሚቀጥለውን ክፍል ተማሪዎቼ እንዳያመልጣቸው ቀስ ብዬ ነው የምነግራቸው። ፍራንሲስ ኤምስን፣ ፊሊፕ ቶቢያስን፣ ዩሱፍ ቬሪያቫን የመሳሰሉ ጥቂት ሐኪሞችና መምህራን የገዛ ምክር ቤታቸውን ፍርድ ቤት አቆሙ፤ በ1985 አሸነፉም። ጉዳዩ እንደገና ታየ፤ ሁለቱም ጥፋተኛ ተባሉ፤ ላንግ በተግሣጽ አለፈ፣ ታከር በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በ1991 ይቅርታ ጠይቆ ፈቃዱ ተመለሰለት።

ዘንድሮ አንዲት ኢንተርን እጇን አወጣች። «ዶክተር፣ እርስዎ ቢሆኑስ?»

ሆኜ አውቃለሁ፣ አልኳት። ኢንተርን ሳለሁ አንድ ሌሊት ሁለት ፖሊሶች አንድ ልጅ ይዘው መጡ፤ ተማሪ ነበር፤ አንድ እጁ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል። ጎኑን ሲነኩት ያቃስታል። አንደኛው ፖሊስ «እህቴ፣ ደህና ነው ብለሽ ጻፊልንና እንሂድ» አለኝ። ሲኒየሬን ልደውልለት እችል ነበር። ካቴናው ይፈታልኝ ልልም እችል ነበር። ደክሞኝ ነበር፤ ፈርቼም ነበር። «ለጊዜው የተረጋጋ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

«ልጁስ?» አለች።

ጠዋት ራውንድ ስንወጣ አልጋው ባዶ ነበር፤ ስሙንም አልያዝኩትም።